ጋሽ ሸዋንግዛው ያላነጠፈው ወለል

ጋሽ ሸዋንግዛው ሞቶ የተገኘው በገዛ እጁ በሠራት አውሮፕላን ውስጥ ነው።

ጧት በስደት በሚኖሩበት ሰፈር በካላክላ ላይ ሲወርድ የነበረው ዳና፣ የመድፉ ጥይት፣ ቀትር ላይ ጋብ ሲል፣ ሚስቱ ፋናዬ ከተደበቀችበት ጓዳ ወጥታ ባሏ ወደሚሠራበት ወርሻ ገባች። ባሏ በአብራሪው ወንበር ላይ፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ ተቀምጧል። ከማጅራቱ የፈሰሰው ደም ሸሚዙን እስከ ወገቡ አርሶታል። ከበላዩ የቆርቆሮው ጣራ ተበስቷል።

በከተማው ፖሊስ የሚባል ከጠፋ ሰንብቷል። ፋናዬ እየሮጠች ጎረቤቷን ወይዘሮ ዮሳቤጥን ጠራች። ዮሳቤጥ ከመሰደዷ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ አሁን ልብስ እየሰፋች ትኖራለች።

አውሮፕላኗ ከፊት አብራሪ፣ ከኋላ አንድ ተሳፋሪ ብቻ የምትይዝ ትንሽ ነገር ናት። ሟቹ የቀድሞ የአየር ኃይል መካኒክ ነበርና ለራሱ ደስታ ሲሠራት ኖሯል። ጦርነቱ መንገዱን ሲዘጋው ግን የነፍስ ጉዳይ ሆነች። በዚያው ግቢ የተጠለለው አናጢው አንተነህ ልደት የምትባል ኩላሊቷ የደከመ ልጅ አለችው፤ እጥበት የሚሰጠው ሆስፒታል ተዘግቷል። የቀድሞው አብራሪ ጥዑመልሳን ልጅቷን እጥበት ወደሚገኝበት ገዳሪፍ ሊያደርሳት ተስማምቶ ነበር።

«ፍንጣሪ ነው የገደለው፤ በዚያ ገብቶ» አለ ጥዑመልሳን ጣራውን እያሳየ።

ዮሳቤጥ በርሜል ላይ ወጥታ የቀዳዳውን ጠርዝ ዳሰሰች። ጣቷ በዝገት ቀላ። ወርዳ ቁስሉን አየች፤ ጎድጎድ ያለና ክብ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብላ የሟቹ እግር ያረፈበትን የጣውላ ወለል መረመረች። አንዲት የደም ጠብታ የለበትም። ጠርዙን ስትነካው ነጭ ኮላ ጣቷ ላይ ተጣበቀ።

ፋናዬን ወደ ጥግ ወሰደቻት።

«ጧት ምን ሊሠራ ገባ?»

«ወለሉን ሊያነሳ፣ እትዬ። ‹ከስሩ ያለውን የመሪ ገመድ ልቤ አላመነውም፤ ልየው› አለኝ።»

«ወለሉ በምንድን ነው የሚያያዘው?»

«በብሎን ነዋ። ዳዶዎቹን ከስር የገጠምኳቸው እኔ ነኝ፤ የእሱ እጅ አይገባም ነበር።»

ጥዑመልሳን ሳይጠየቅ ጀመረ። «ትናንት ተጣልተናል፣ አልክድም። እንብረር አልኩት፤ እምቢ አለ። ወላሂ እትዬ፣ ያን ጊዜ ባንቀው ደስ ይለኝ ነበር።»

«ወለሉን ሳታነሳ ትበር ነበር?»

«እንዴት ተደርጎ! ገመዶቹን በዓይኔ ካላየሁ ሞተሩን አልነካም።»

አንተነህ ልጁ አጠገብ ነበር። የልደት ፊት አብጦ ዓይኖቿ ጠበዋል። «አባባ፣ ውሃ» ስትል ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ አራሰላት፤ ከዚያ በላይ ቢሰጣት እንደሚጎዳት ያውቃል።

«ጣውላውን የቆረጥከው አንተ ነህ?» አለች ዮሳቤጥ።

«አዎ። ጋሼ በካርቶን ልኩን ያወጣል፣ እኔ እቆርጣለሁ።»

«ጥሩ ወለል የትኛው ነው?»

«አንዴ ከተነጠፈ የማይነቃነቅ። እሱ ግን ሲያነጥፍ ሲያነሳ፣ ሲያነጥፍ ሲያነሳ...» አለና ወደ ልጁ ዞረ።

ሬሳውን አውርደው ካለበሱት በኋላ ሦስቱንም አውሮፕላኗ ዙሪያ አቆመቻቸው። በመሮ ወለሉን ፈልቅቃ ብድግ አደረገችው። ከስሩ፣ በአውሮፕላኗ ሆድ ላይ፣ ደም ረግቷል።

ፋናዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«የጣራው ቀዳዳ የዛገ ነው፤ የዛሬ አይደለም» አለች ዮሳቤጥ። «ቁስሉም የመዶሻ ነው። ሸዋንግዛው ሲመታ ወለሉ ተነስቶ ነበር፤ አጎንብሶ ገመዱን ሲያይ ደሙ እዚህ ፈሰሰ። ወለሉ የተነጠፈው ከዚያ ወዲህ ነው። ሬሳውም ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ከቀዳዳው በታች እንዲሆን ተብሎ ነው። ዳና ወለል አያነጥፍም።»

«ማነው ታዲያ?» አለ ጥዑመልሳን።

«ያነጠፈው ሰው ብሎኖቹን ትቶ በኮላ አጣበቀው። አንተ ሳይነሳ አልበርም ያልክ፣ እንዳይነሳ አድርገህ አታጣብቀውም። ፋናዬም በእጇ የገጠመቻቸው ዳዶዎች እያሉ ኮላ አትፈልግም። ኮላ የሚቀባው፣ ወለል መነሳት የለበትም ብሎ የሚያምን ሰው ነው።»

አንተነህ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ገመዱ መቀየር አለበት አለኝ» አለ። «ሌላ እስክናገኝ ጠብቁ አለኝ። ልጄ የምትጠብቅበት ቀን የላትም! ጋሼ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ። እሱ ተመልሶ አጎነበሰ። መዶሻው እጄ ላይ ነበር... ከዚያ ሥራውን ጨረስኩት። ወለሉ ካለቀ ይበራሉ ብዬ።»

ዮሳቤጥ እጇን ሰድዳ ገመዱ የታሰረበትን የአብራሪውን ፔዳል ገፋችው። ጥዑመልሳን ጎንበስ ብሎ ገመዱን ሳበና ፊቱ ተለወጠ። ግማሹ ሽቦ ተበጣጥሷል።

«ይህ አየር ላይ ይበጠስ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ከልጅህ ጋር።»

አንተነህ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከደረቱ የወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር።

ሁሉም ፋናዬን አዩ። እሷ ግን የኋላውን ወንበር ታይ ነበር።

«የተሳፋሪው ፔዳል ገመድ ደህና ነው?» አለች።

«ደህና ነው» አለ ጥዑመልሳን።

«እሱን ፈትተህ ከፊት ግጠመው። ተሳፋሪ ፔዳል አያስፈልገውም።»

«ፋናዬ፣ እርግጠኛ ነሽ?» አለች ዮሳቤጥ።

«ልጅቷ ማንን ገደለች?» አለች ፋናዬ፤ ካቻቢቴውንም ከባሏ የመሣሪያ ሳጥን አወጣች።

ባሏን በቀበሩ ማግስት አውሮፕላኗ ጥዑመልሳንንና ልደትን ይዛ ከግቢው ፊት ካለው አስፋልት ተነሳች። የሰፈሩ ሽማግሌዎች አንተነህን ለፍርድ ሊያቆዩት ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ዘግተውበት ስለነበር አላየም፤ የሞተሩን ድምፅ ብቻ ሰማ። ከዚያ ስልኩም መብራቱም ተቋረጠ፤ ስለ ልጁ የሚነግረው ሰው ሳያገኝ በየቀኑ ግድግዳውን ተደግፎ ሲያዳምጥ ይውል ነበር።

ኔትወርክ የተመለሰ ዕለት ፋናዬ ጥቁር እንደለበሰች መጣች። በሩ ላይ ቆማ ጥዑመልሳን የላከውን መልእክት ከስልኳ አነበበችለት።

«‹ደርሰናል። ልደት እጥበት ጀምራለች።›»

አንተነህ እግሯን ሊስም ተንፏቀቀ። ፋናዬ ወደኋላ አለች።

«አትንካኝ» አለችው። «ጦርነቱ ሲያበቃ ዳኛ ፊት እንቆማለን። እስከዚያ ኑርልኝ።»