ፕለጊኑ ያላጠፋው ድምፅ

እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይሄን አስቀድማችሁ ያዙልኝ። ሰው ጥላ አየሁ፣ ባዶ ቤት ውስጥ ድምፅ ሰማሁ ሲለኝ ምክንያቱን ከሥሩ የምፈልግ፣ አብዛኛውን ጊዜም የማገኝ ሰው ነኝ፣ ወይ የላላ ኬብል ነው፣ ወይ የተቀደደ ስፒከር ነው፣ ወይ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ደግሞ የምነግራችሁ ነገር በሌሊት አልሆነም፣ መብራትም አልጠፋም፣ ብቻዬንም አልነበርኩም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እዚሁ አምቦ፣ ቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራን ክፍል ውስጥ፣ ሦስት ሆነን ነው የሰማነው። ከሦስታችን አንዱ፣ አዛውንቱ፣ ዛሬ “የተቀነባበረ ውሸት ነው” እያሉ ያስወራሉ፣ የሚያቃጥለኝም እሱ ነው።

ለሚ እባላለሁ። የቤተ ክርስቲያኑን ማይክሮፎን፣ ስፒከርና ኮምፒውተር የማንቀሳቅሰው እኔ ነበርኩ፣ ማንም አላስተማረኝም፣ እየነካካሁ፣ እያበላሸሁና እያስተካከልኩ ነው የለመድኩት። ለመዘምራኑ የምሥረታ በዓል ዝግጅት ሲጀመር ኦቦ ደቻሳ አስጠሩኝ። ኦቦ ደቻሳ መዘምራኑን በወጣትነታቸው ያቋቋሙ፣ ዛሬ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ናቸው፣ ሲናገሩ የሚያቋርጣቸው ሰው አይቼ አላውቅም። የመዘምራኑን የመጀመሪያ ካሴት ሰጡኝ፣ ሽፋኑ ላይ የከተማችን ስም ገና ሀገረ ሕይወት ተብሎ የተጻፈበት ነው።

“የሰዎቹን ድምፅ አጥፋና ሙዚቃውን ብቻ ስጠን፣ ልጆቹ በድሮው አኮርዲዮን ላይ ይዘምሩበት” አሉኝ።

“ኦቦ፣ በዚህ ካሴት አይሆንም። ድምፁን ላጥፋ ብል ሁሉም ነው የሚጠፋው።”

“የልጅ ልጄ በስልኩ ሲያደርገው አይቻለሁ። አንተ ጋ ሲደርስ ነው የማይሆነው?”

ይታያችሁ። ለምን እንደማይሆን ላስረዳቸው ስጀምር ሰዓታቸውን አዩ። እናንተ ግን ስሙኝ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተሬ ላይ አንድ አሮጌ የሙዚቃ ማጫወቻ አለኝ፣ ፕለጊን የሚባሉ ትንንሽ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ይቀጠሉበታል፣ አንዱ ባሱን ያጎላል፣ አንዱ ኢኮ ይጨምራል፣ አንዱ ደግሞ የዘፋኙን ድምፅ ያጠፋል። አሠራሩ ምንም ተአምር የለውም። ስቴሪዮ ቅጂ ግራና ቀኝ አለው፣ ዘፋኙ ብዙውን ጊዜ በሁለቱም በኩል እኩል ይሰማል፣ መሣሪያዎቹ ወደ አንዱ ያደላሉ። ፕለጊኑ ግራውን ከቀኙ ይቀንሳል፣ እኩል የሆነው ይጠፋል፣ ያልተመሳሰለው ይቀራል። የእኛ ካሴት ግን በአንድ ማይክሮፎን የተቀዳ ሞኖ ነው፣ ግራና ቀኙ አንድ ነው። አንድን ነገር ከራሱ ላይ ስትቀንሱት ምን ይተርፋል? ምንም!

ያም ሆኖ ሞከርኩ፣ ሰነፍ እንዳልባል። ፕለጊኑ መጀመሪያ ዝርዝሩ ውስጥ አልታይ አለ፣ ያለቦታው ፎልደር ውስጥ አስቀምጬው ነበር፣ አዛወርኩት። ሲታይ ደግሞ ማጫወቻውን ይዘጋዋል፣ ለእኔ ማጫወቻ አዲስ ሆኖበት ነው፣ የፕለጊኑን የቆየ ቅጂ ፈልጌ ጫንኩ። ቀጥሎ ድምፁ እንደ ቆርቆሮ መንቀጫቀጭ ጀመረ፣ የኢኮው ፕለጊን ከፊቱ ተደርድሮ ኖሯል፣ እሱንም ሌሎቹንም አጠፋኋቸው። ከዚያ በሌላ ስቴሪዮ መዝሙር ሞከርኩት፣ ዘማሪዋ ጥርት ብላ ጠፋች፣ ጊታሩ ቀረ። ካሴቱን በኬብል ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ ስሞክረው ቀጭን ሹክሹክታ የመሰለ ነገር ተረፈ፣ ይሄ የኬብሉ የግራና የቀኝ ሽቦ ልዩነት ነው፣ ስለዚህ ፋይሉን ራሱን ወደ ሞኖ ቀየርኩት፣ ሁለቱም ጎን ፍጹም አንድ እንዲሆን። ዓርብ ዕለት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አጫወትኩት። ፍጹም ዝምታ። የድምፅ መለኪያው ተኝቶ ቀረ።

ቅዳሜ ኦቦ ደቻሳን ጠራኋቸው፣ ዝምታውን በጆሯቸው እንዲሰሙልኝ። ቢራቱም ነበር፣ ኪቦርድ የሚጫወተው ጓደኛዬ ነው፣ ነገር ማቅለል ይወዳል።

“ዝምታ ልታሰማን ነው እንዴ የጠራኸን?” አለ። “ዝምታማ እኔም ቤት አለ፣ ሚስቴ ስትቆጣ።”

“ተው ቢራቱ፣ ይሥራበት” አሉት ኦቦ ደቻሳ፣ ጃንጥላቸውን በሩ ላይ እያስደገፉ። ውጪ ዝናብ ነበር።

መጀመሪያ ሳላጠፋ አጫወትኩላቸው፣ መዘምራኑ ሁሉ አሉ፣ አኮርዲዮኑ አለ። ከዚያ ፕለጊኑ ላይ ምልክት አደረግሁ። ሁሉም ጥፍት አለ።

“ይኸው” አልኩ፣ እመኑኝ ደስ ብሎኝ ነበር። “ያልኩዎት ይሄንን ነው።”

አንድ ሰው ትንፋሽ ሲስብ ሰማሁ። ቢራቱ መስሎኝ ዞርኩ፣ እሱ ደግሞ እኔን ያያል። ቀጥሎ ከስፒከሩ የሴት ድምፅ ወጣ፣ ወፈር ያለ፣ ዝግ ያለ፣ ያንኑ መዝሙር በሁለተኛ ድምፅ ይዘምራል፣ ብቻውን፣ ሌሎቹ በሚያርፉበት እያረፈ፣ ሌሎቹ ሲነሡ እየተነሣ፣ ልክ በዙሪያው ሰው እንዳለ። ዓይኔ መለኪያው ላይ ሄደ። ተኝቷል። ምንም የሚለካው ድምፅ የለም፣ እኛ ግን እንሰማለን። ማጫወቻውን ሳቆመው ድምፁ ቆመ፣ ስቀጥለው ካቆመበት ቀጠለ።

ኦቦ ደቻሳ ከወንበራቸው ተነሥተው ነበር። “ኤኙቱ ኢሼ ገልቼ?” አሉ። ማን አስገባት? ማለታቸው ነው።

“ማንን ኦቦ?” አለ ቢራቱ።

ኦቦ ደቻሳ በዚያ ዝናብ ወጥተው ሄዱ፣ ጃንጥላቸው በሩ ላይ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ያልነካሁት ነገር የለም። ፕለጊኑን አውጥቼ መልሼ ጫንኩ፣ ካሴቱን እንደገና ገለበጥኩ፣ በቢራቱ ላፕቶፕም ሞከርን። ሌሎቹ መዝሙሮች ላይ ምንም የለም። ያጫወትኩላቸው መዝሙር ላይ ግን አለች። ፕለጊኑን አጥፍቼ ሙሉውን ቅጂ የፈለግሁትን ያህል ባጎላው ያ ድምፅ በመሃል አይሰማም፣ ሁሉም ሲጠፋ ብቻ ነው እሷ የምትቀረው። ደግሞ ከሦስተኛው አዝማች በኋላ ከበስተጀርባዋ የሕፃን ሳል አለ፣ አንድ ጊዜ፣ ደረቅ።

“ቀረጻ ላይ ሕፃን ማን ያስገባል?” አለ ቢራቱ፣ እንደ ልማዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

በማግስቱ ከአምልኮ በኋላ ወደ ቢሮ ተጠራሁ። ኦቦ ደቻሳና ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፣ እኔን ተቀመጥ ያለኝ የለም።

“የእናትህን ድምፅ ቀድተህ ከካሴታችን ጋር ቀላቅለሃል” አሉኝ ኦቦ ደቻሳ።

“የማንን?”

“የዲንቄን።”

ከንዴቴ ብዛት ሳቅኩ። እናቴ አትዘምርም! አዮ ነው የምላት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በየሳምንቱ የመጨረሻው ወንበር ላይ አጠገቧ ቆሜያለሁ፣ ጉባኤው ሲዘምር እሷ ከንፈሯን ገጥማ ነው የምትቆመው፣ እሹሩሩ እንኳን ብላኝ አታውቅም። ድምፅ የላትም ብዬ ነበር የማስበው። ሰምቼው የማላውቀውን ድምፅ ነው ቀዳህ የሚሉኝ፣ ይታያችሁ!

“እናቴ አትዘምርም” አልኳቸው።

“ትዘምር ነበር” አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ወደ መሬት እያዩ። “ሁለተኛ ድምፅ።”

እዚያ ቆሜ ነው የሰማሁት። አዮ ከመጀመሪያዎቹ መዘምራን አንዷ ነበረች፣ ሳታገባ እኔን ስታረግዝ ከአገልግሎት ታገደች፣ ያገዷት ኦቦ ደቻሳ ናቸው፣ ካሴቱ የተቀዳው እሷ ከወጣች፣ እኔም ከተወለድኩ በኋላ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እጃቸውን እየሳምኩ ሰላም ስላቸው አንድ ቀን ትንፍሽ አላሉም።

“እኛን ለማሳፈር ያደረግኸው ነው” አሉ ኦቦ ደቻሳ። “በመዘምራኑ ፊት አድርጌያለሁ በል፣ ይቅር እንልሃለን። ካልሆነ ከዚህ አገልግሎት ታርፋለህ።”

“እርስዎ ቤት ያለውን የዚህኑ ካሴት ሌላ ቅጂ ያምጡ፣ እዚሁ ፊታችሁ ገልብጬ ላሰማችሁ።”

“እኔ ያንን ነገር ሁለተኛ አልሰማም።”

“ቅዳሜ ሲሰሙ ማናት አላሉም፣ ማን አስገባት ነው ያሉት! እኔ ያላወቅኋትን እርስዎ ነዎት ያወቋት!”

ድምፄን ከፍ አድርጌ ሽማግሌ ፊት የተናገርኩት ያን ቀን ብቻ ነው። እስከ በዓሉ እንዳስብበት ነግረው አስወጡኝ፣ ድምፅ የምቀላቅልበትን ክፍል ቁልፍ ግን እዚያው ተቀበሉኝ።

ቤት ስደርስ አዮ ገብስ ትለቅማለች። ላፕቶፑን ሰፌዱ አጠገብ አስቀምጬ፣ መዝሙሩን ከፈትኩላት። ትንፋሹ ሲሰማ እጇ ቆመ። እስከ መጨረሻው አልተንቀሳቀሰችም፣ ሳሉ ጋ ሲደርስ ብቻ ዓይኗን ጨፈነች።

“ያ አንተ ነህ” አለችኝ።

“ምኑ?”

“የሚያስለው። ጎጆ ከተማ፣ እህቴ ቤት ነበርን፣ ትክትክ ይዞህ። ዛሬ አምቦ ይቀርጻሉ ብሎ ከገበያ የመጣ ሰው ነገረኝ። አንተን አዝዬ፣ ጓሮ ወጥቼ፣ ድርሻዬን ዘመርኩ።”

“ማን ቀዳሽ ታዲያ?”

“ጎጆ? ያኔ? ለመሆኑ ቴፕ የነበረው ማን ነው? ጀርባዬ ላይ ካለኸው ከአንተ ሌላ የሰማኝ ሰው የለም።”

ከጎጆ አምቦ ስንት ጭቃ፣ ስንት ዳገት እንዳለ የሄደበት ያውቀዋል።

“ከዚያ ወዲያ ለምን ተውሽው?”

“ድርሻዬን ጨርሼ ነበራ” አለችና ወደ ገብሷ ተመለሰች። ቢሮ የተባልኩትን ሁሉ ነገርኳት። “አድርጌያለሁ፣ ይቅርታ በላቸው፣ ይተዉሃል” አለችኝ።

“ያላደረግሁትን!”

“እኔንም እንዲሁ ነው ያሉኝ። ይቅርታ በይ፣ ትመለሻለሽ አሉኝ።”

“አልሽ?”

“ተንበርክኬ አልኩ።” አንድ ጠጠር ከገብሱ አውጥታ ወረወረች። “አልመለሱኝም።”

እኔ አላልኩም። አሁንም አልልም። የምወደውን ሥራ ትቼያለሁ፣ መንገድ ላይ ሰላምታ የሚያሳጥሩብኝ ሰዎች አሉ፣ እናቱን መሣሪያ አድርጎ ሽማግሌ ያዋረደ እየተባልኩ ነው፣ ቢራቱ “እኔም ሰምቻለሁ” ሲላቸው “ጓደኛው ስለሆንክ ነው” ይሉታል። በምን ቋንቋ ላስረዳቸው? አንድ ትንሽ ፕሮግራም ነው፣ ቤታቸው ወስደው፣ ራሳቸው ጭነው፣ በራሳቸው ካሴት ቢሞክሩት እኮ ያበቃ ነበር። አንድም ሰው አልሞከረም።

በዓሉ ቀን አዮ አጠገብ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ነበርኩ። ልጆቹ ያንን መዝሙር በቢራቱ ኪቦርድ ዘመሩት፣ ድምፁን የሚቀላቅለው ሌላ ሰው ነው፣ ጥሩ አልቀላቀለም፣ ግን ልተወው። ሁለተኛው አዝማች ላይ ከልጆቹ ድምፅ ሥር ያንን ወፍራም ድምፅ ሰማሁት። ትንፋሽ አወሳሰዷን ሳይቀር አውቀዋለሁ፣ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ወደ አዮ ዞርኩ። ከንፈሯ እንደ ሁልጊዜው ግጥም ብሏል፣ ጉሮሮዋም አይንቀሳቀስም። ወደ መድረኩ ሳይ የቢራቱ እጅ ኪቦርዱ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ከዚያ እንደ ነቃ ሰው ቀጠለ።

ሦስተኛው አዝማች አለቀ። ጉሮሮዬን አንድ ነገር ይበላኝ ጀመር። ካሴቱ ላይ የሳሉን ቦታ ስለማውቃት ያዝኩት፣ እመኑኝ፣ እንባዬ እስኪመጣ ድረስ ያዝኩት፣ አልቻልኩም፣ አንድ ጊዜ ሳልኩ፣ ደረቅ። አዮ ፊቷን ሳታዞር፣ እጇን ወደ ጀርባዬ ልካ መታ መታ አደረገችኝ።

የፊተኛው ወንበር ላይ ኦቦ ደቻሳ ሙሉ ሰውነታቸውን አዙረው ያዩ ነበር። እሷን አይደለም፣ እኔን፣ እጄን፣ ኪሴን። ላፕቶፔ ቤት ነበር፣ ተዘግቶ፣ ስልኬም ጠፍቷል። ይሄንንም እኔ ነኝ የቀላቀልኩት? እስቲ ይንገሩኝ፣ በምን?