ናስትሮ ያለቀ ዕለት

«ናስትሮ አለቀ» አለ ይግዛው ከመሰላሉ ላይ ሆኖ።

ጥሩሐረግ መሰላሉን በሁለት እጇ እንደያዘች ቀና አለች። የሚታያት ወገቡና ሁለት እግሩ ብቻ ነበር፤ የቀረው አካሉ ከአቡጀዲው ኮርኒስ በላይ፣ በጨርቁና በቆርቆሮው መካከል ገብቷል።

«ሌላ የለህም?»

«ሌላ ቢኖረኝ አለቀ እላለሁ?»

ወረደና ባዶውን የካርቶን ቀለበት አሳያት። ናስትሮ የመብራት ሠራተኞች የሽቦ መጋጠሚያ የሚጠቀልሉበት ጥቁርና የሚያጣብቅ ጨርቅ ነው። ሰቆጣ ውስጥ አይሸጥም። ኮረም ይገኛል፤ ኮረም ግን በበቅሎ ደርሶ ለመመለስ አራት ቀን ይፈጃል፤ የኪዳነ ምሕረት በዓል ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው። በዚያ ቀን የማኅበሩ ተራ የደረሰው ለጥሩሐረግ አባት ለመሪጌታ ወልደ ሐዋርያት ነበር። መሪጌታም ማኅበርተኛው ሁሉ በኤሌክትሪክ መብራት እንደሚስተናገድ ለሰው ሁሉ አስቀድመው ተናግረዋል። እሳቸው ደግሞ የተናገሩትን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም።

ቤቱ በጣሊያን ጊዜ ለአንድ መኮንን የተሠራ ነው። ጣሊያን ሲሄድ ሽቦው በግድግዳው ላይ ቀረ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምንም ሳያልፍበት ተንጠልጥሎ ከረመ። አይጥ የሽቦውን ልብስ በላው፤ የመሪጌታ ተማሪዎችም ሽቦው የታሰረባቸውን ነጫጭ ሲኒዎች መስቀያ አድርገው ዳዊታቸውን ከነማኅደሩ አንጠለጠሉባቸው። አምና ግን የወፍጮ ቤቱ ባለቤት አቶ ብዙነህ በወፍጮው ሞተር ላይ ዲናሞ ገጥመው፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ለፈለገ ሁሉ መብራት መስጠት ጀመሩ። መሪጌታም ዓይናቸው ሲመሽ እየደከመ ስለመጣ ነገሩን ወደዱት።

ሥራው ለይግዛው የተሰጠው በዘመድ አይደለም። ይግዛው የመሪጌታ ተማሪ ነበር። ድጓውን ሳይጨርስ ጠፍቶ አሥመራ ገባና አንድ ፋብሪካ ውስጥ ከመብራት ሠራተኞች ጋር አራት ዓመት ሠራ። ሲመለስ መሪጌታ ለሁለት ወር ሰላምታ ነፈጉት። በሦስተኛው ወር አስጠሩትና «የጀመርከውን አልጨረስክም። እስቲ ይህን ቤት ጨርስ» አሉት። አቶ ብዙነህ ደግሞ በጎን ጠርተው፣ «የመሪጌታ ቤት ካማረልህ የቀሩት አሥራ አንድ ቤቶች ያንተ ናቸው» ብለውታል። ይግዛው ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለውም።

የሚያሳዝነው፣ ከደሴ የመጣው አዲስ ሽቦ አጠረ። ስለዚህ ከጣሊያኑ ሽቦ ደህና የሆነውን እየመረጠ በሰባት ቦታ ቀጠለው። አራቱ በናስትሮ ተጠቅልለዋል። ሦስቱ ራቁታቸውን ቀሩ።

«በጨርቅ ብትጠቀልለውስ?» አለች ጥሩሐረግ።

«ጨርቅ እርጥበት ይስባል። ጣሪያው ደግሞ ያፈሳል።»

ጥሩሐረግ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ በሳይንስ ከማንም አታንስም። መምህሯ ኤሌክትሪክ የማያሳልፉ ነገሮችን ሰሌዳ ላይ ሲደረድሩ ጎማ፣ ደረቅ እንጨትና ሰም ብለው እንደጻፉ ትዝ አላት። ሰም! እናቷ ወይዘሮ አመተ ማርያም ለደብሩ ጧፍ የሚሠሩ ሴት ናቸው። ጓዳው ውስጥ በሰም የተነከረ ፈትል እንደ ገመድ ተጠምጥሞ ተቀምጧል። ሮጣ ሄዳ አንድ ክንድ ያህል ቆርጣ አመጣች።

«ይኸው። ውሃ አያስገባም፤ መብራትም አያሳልፍም።»

ይግዛው ጧፉን በጣቱ አሻሸው። ወደ ጣሪያው አየ፣ መልሶ ጧፉን አየ።

«አያሳልፍም፤ እሱስ እውነት ነው» አለ እየተጎተተ። «አሥመራ ያሠራኝ ሰውዬ ቢያየኝ ግን በፒንሳ ጆሮዬን ይቆነጥጠኝ ነበር።»

«አሥመራ ያለ ሰው ሰቆጣ ያለውን ጣሪያ በምን ያያል?»

ሳቀ። ሰው ሲጨንቀው በሚስቅበት ነገር ይስማማል። መሰላሉን ተመልሶ ወጣና ሦስቱንም መጋጠሚያ በጧፍ ጠመጠመው። እንዲያውም ከናስትሮው ይልቅ አማረ። ጥሩሐረግ ደስ አላት፤ ሐሳቡ የራሷ ነበርና።

«ለየኔታ እንዳትነግሪ» አላት ሲወርድ። «በበዓሉ ማግስት ኮረም ሄጄ ናስትሮ አመጣና እለውጠዋለሁ። አራት ቀን ነው።»

«እኔ ምን አገባኝ፤ አልናገርም።»

ማታ ሞተሩ ሲነሣ ከትንሽ አምፖል ጋር ሞከሩት። በራ። መሪጌታ ከአምፖሉ ሥር ቆመው እጃቸውን እያገላበጡ አዩ፤ ጥፍራቸውን ሁሉ አንድ በአንድ አዩት።

«ሁሉም እንደ ደንቡ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«እንደ ደንቡ ነው የኔታ» አለ ይግዛው።

መሪጌታ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንቺስ፣ መሰላል ይዘሽ ስትውይ ሥራውን አይተሻል?»

«አይቻለሁ አባባ።»

ማየቷንስ አይታለች። ያን ማታ ግን ሽሮው ጣዕም አጣባት።

በበዓሉ ቀን ጾም ስለሆነ ማኅበርተኛው ከቅዳሴ በኋላ፣ ወደ ማታው ገደማ ተሰበሰበ። አሥራ አምስት ያህል ሰው ነበር፤ አብዛኞቹ ካህናት ናቸው። ከሁሉ በላይ የተቀመጡት አባ ገብረ ኢየሱስ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ራሳቸውም አያውቁትም። አቶ ብዙነህ መጨረሻ ላይ ደረሱ፤ በገለባ የታሸገ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፈዋል። ሲፈቱት አምፖል ነው። ቅል የሚያህል አምፖል!

«ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ነው። ለመሪጌታ ቤት ስጦታ» አሉ።

«ትንሿ ትበቃ ነበር» አለ ይግዛው ቀስ ብሎ።

«ምን ትበቃለች! ካህን የሞላበት ቤት ኩራዝ እንኳ በማታህል አምፖል ይበራል? ስቀለው እንጂ!»

ይግዛው መሪጌታን አየ፤ እሳቸው ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸው ነበር። ወጥቶ ሰቀለው። አምፖሉ ከኮርኒሱ ሥር ተጠግቶ ቆመ። ልክ ከበላዩ በጧፍ ከተጠመጠሙት መጋጠሚያዎች አንዱ ነበር፤ ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን የወፍጮው ሞተር ከወዲያ ማዶ ተንደቀደቀ። ይግዛው በበሩ አጠገብ ያለውን ማብሪያ ሲጫነው ቤቱ ቀን ሆነ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንዱ ቄስ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጋረዱ። አቶ ብዙነህ መብራቱን ራሳቸው የፈጠሩት ይመስል ወዲያ ወዲህ እየተገላመጡ ሳቁ፤ የይግዛውንም ትከሻ ቸብ ቸብ አደረጉት።

ጸሎት ተደረሰ፤ ጽዋው ዞረ። ጥሩሐረግ ጠላ እያመላለሰች ሳለ አባ ገብረ ኢየሱስ ድንገት አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«የጧፍ ሽታ ይሸተኛል።»

ሰዉ አየሩን ማሽተት ጀመረ። እውነት ነው፤ ደብሩ ውስጥ የቆሙ ያህል የማር ሰም ሸተታቸው።

«አመተ ማርያም፣ ጧፍ አብርተሻል?» አሉ መሪጌታ።

«ኧረ እኔስ! በዚህ ሁሉ ብርሃን ላይ ምን ላደርገው?»

«የበራ ጧፍ የለም» አሉ አባ ገብረ ኢየሱስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በዓሏ ነው። እመቤታችን ቤቱን ጎበኘችው ማለት ነው።»

የመሪጌታ ዓይን እንባ አቀረረ። ጥሩሐረግ አባቷ ሲያለቅሱ አይታ አታውቅም። አንዱ ዲያቆን መዝሙር አነሣ፤ ሌሎቹ ተቀበሉት።

ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች። ከአምፖሉ በላይ አቡጀዲው ላይ አውራ ጣት የምታህል እድፍ ወጥታለች። መዝሙሩ አንድ ዙር ሳይደርስ እድፏ መዳፍ አከለች። ሰም ውሃ አያስገባም፣ መብራትም አያሳልፍም፤ ሲሞቅ ግን ይቀልጣል፣ ከፈትሉ ጋር እሳት ካገኘው ደግሞ ይነዳል። ይህን ለማወቅ ሳይንስ አያሻም፤ የጧፍ ሠሪ ልጅ ናት። ጧፉን ስታመጣ ግን የታያት የመምህሯ ሰሌዳ ብቻ ነበር። ኮርኒሱ ሠላሳ ዓመት የደረቀ ጨርቅ ነው። በላዩ አይጥ የሰበሰበው ገለባ ተከምሯል።

ይግዛውን ፈለገችው። በሩ አጠገብ ተቀምጦ እሱም ያንኑ እድፍ ያያል። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ራሱን በትንሹ ነቀነቀ፤ «ቆዪ» ማለቱ ነበር። ሞተሩ በሦስት ሰዓት ይቆማል። ገና አንድ ሰዓት ከሩብ ነው።

ፈራች፤ አፈረችም። ዝም ብትል ምናልባት ምንም አይሆንም። መብራቱ በሰዓቱ ይጠፋል፣ ይግዛው አሥራ አንዱን ቤት ያገኛል፣ አባቷ ይህን ማታ እስከ ዕለተ ሞታቸው ያወሩታል። ብትናገር ግን ይግዛው እንጀራውን ያጣል፤ አባቷም በዚህ ሁሉ ካህን ፊት መሳቂያ ይሆናሉ። ሐሳቡንም ጧፉንም ያመጣች ደግሞ እሷ ናት።

ያን ጊዜ አንዲት ጠብታ ወረደች፤ መሪጌታ ትከሻ ላይ፣ ነጩ ጋቢያቸው ላይ አረፈች። በጣታቸው ነኳት። ትኩስ ነበረች፤ ወዲያው ጠጠረች።

«ሰም ነው» አሉ መሪጌታ ጣታቸውን ወደ ብርሃኑ አንሥተው። «ሰም ወረደ!»

ቤቱ ተናወጠ። አባ ገብረ ኢየሱስ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡ። እልልታው ከበፊቱ በለጠ። አንዲት ሴት ጎረቤት ልትጠራ ነጠላዋን ሰብስባ ወደ በሩ ገሠገሠች። ነገ ሰቆጣ፣ በሳምንቱ አምደወርቅ ይህን ይሰማል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመልሰው የለም።

ጥሩሐረግ የጠላውን ገንቦ መሬት አስቀመጠችው። በቆሙት መካከል አልፋ፣ ሴትዮዋን ቀድማ በሩ አጠገብ ደረሰች፤ ማጥፊያውንም ተጫነችው።

ቤቱ ጨለመ። እልልታው መሐል ላይ ተቆረጠ።

«ምን ሆነ? ሞተሩ ይሰማል እኮ!» አሉ አቶ ብዙነህ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ቀጠነባት። «አባባ፣ ሰሙ ከእናቴ ጓዳ የወጣ ጧፍ ነው። ናስትሮ ሲያልቅ ሽቦውን በእሱ እንዲጠመጥመው ለይግዛው የሰጠሁት እኔ ነኝ። ቀልጦ ነው፤ ቤቱ ሊቃጠል ይችላል።»

ማዶ ሞተሩ ይንደቀደቃል።

«የጠመጠምኩት እኔ ነኝ የኔታ» አለ ይግዛው ከአጠገቧ። «እንደ ደንቡ ነው ያልኩዎትም እኔ ነኝ።»

አቶ ብዙነህ በአፍንጫቸው ተነፈሱ። በጨለማው ውስጥ ሌላ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ መሪጌታ ጋቢያቸው ላይ የደረቀውን ሰም በጥፍራቸው ይልጣሉ። ቀስ ብለው፣ ጨርቁን እንዳይጎዱት ተጠንቅቀው፣ እስኪለቅ ድረስ ላጡት።

«ሌላስ የት የት አለ?» አሉ በመጨረሻ።

ጥሩሐረግ ከጓዳ የመጣውን ኩራዝ ከእናቷ እጅ ተቀበለች።

«ሁለት ቦታ ቀርቷል» አለች። «ይምጡ፣ ላሳይዎት።»