የሚያንኮራፋው ኮሌታ

ስንዱ ከረፋዱ ልምምድ በፊት እንደ ሁልጊዜው ኮሌታውን ረገመችው። እሷና ባልደረቦቿ ሐዋሳ ቢሮ ቁጭ ብለው፣ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ አፍጥጠው፣ አፋር በረሃ ላይ የሚያርሱ ማሽኖችን ይነዳሉ። ማጅራቱን የማያመው የለም። ለዚህ መላ ተብሎ ተከታይ ኮሌታ መጣ፦ አንገት ላይ ይታሰርና አሰልጣኙ የሚያዘውን የዮጋ እንቅስቃሴ ራሱ ያሠራል። አሰልጣኙ ፕሮግራም ነው ተብሏል፤ ድምፅ እንጂ መልክ የለውም። ስለዚህ ማንም እንደምን አደርክ ብሎት አያውቅም።

«አገጭ ወደ ደረት፣ በቀስታ» አለ ድምፁ። ሁሉም አቀረቀሩ። ቀና የሚያደርጋቸው ግን ጠፋ። ኮሌታው ደርቆ ቀረ፤ ከውስጡም ማንኮራፋት ተሰማ።

ተበላሸ ብለው አብዛኞቹ ፈተው ጣሉት። ስንዱ ግን ያንን ትንፋሽ ታውቀዋለች፤ አባቷ ሲያርፉ አጠገባቸው ነበረች።

«ታሪኩ፣ ይሄ እኮ ሰው ነው» አለችው የጥገና ባለሙያውን።

ታሪኩ ሊስቅ ዳድቶት ጆሮውን ኮሌታዋ ላይ አስጠጋ። ፊቱ ተለዋወጠ። የምልክቱን መነሻ ሲፈልግ ቢሾፍቱ ያለ መኖሪያ ቤት ሆኖ አገኘው። በራሪ አምቡላንስ ጠራ።

«አንገቱ ተደፍቶ ቀርቷል፤ እስኪደርሱ ይታፈናል። ግን እሱም እንደኛው ኮሌታ አስሯል፤ የእኛን አንገት እንቅስቃሴም ወደ እሱ ይመልሳል፤ ቀና ካልን ቀና ይላል። ያንቺ ብቻ አይበቃም።»

ስንዱ አንገቷን ወደ ላይ ገፋች። ሕመሙ ከማጅራቷ ተነሥቶ ዓይኗ ድረስ ዘለቀ። «እባካችሁ መልሳችሁ እሰሩ፣ ሰው እየሞተ ነው» እያለች አለቀሰች።

ተያዩ። የሚሸሹትን ሕመም በገዛ እጅ ማሰር ማን ይወዳል? ወይዘሮ አጸደ ቀድመው አሰሩ፤ ሌሎቹ ተከተሉ። እያቃሰቱ፣ እየተሳደቡ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ገፉ። ማንኮራፋቱ ቆመ። ስንዱ በቃ ገደልነው ብላ ተስፋ ቆረጠች። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ተሳበ።

ከኮሌታው የአምቡላንሱ ነርስ ድምፅ «ይዘናቸዋል፣ ልቀቁ» እስኪል ማንም አልለቀቀም።

ቆይቶ የደከመ የሽማግሌ ድምፅ መጣ። «ማን ነው የያዘኝ?»

«የሚያሠለጥኑን ሠራተኞች ነን አባቴ» አለች ስንዱ።

ሽማግሌው ተገረሙ።

«ሰዎች ናችሁ እንዴ? እኔ የማስተምረው ማሽን ነው ብለውኝ ነበር። ያ ወደ ግራ ሳዞረው የሚንቀጠቀጠውስ?»

«እኔ ነኝ» አለች ስንዱ።

«ውይ ልጄን። የዛገ ብሎን መስሎኝ እኮ ነው፣ በኃይል ሳዞረው የኖርኩት።»