ግዝት ያለበት ጭስ ማውጫ

ይህን የምጽፈው ተናድጄ መሆኑን ከመጀመሪያው እወቅልኝ፣ ወዳጄ፣ ምክንያቱም የእኔ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያወራ ወይ አርጅቷል ይሉታል ወይ ጠጥቷል ይሉታል፣ ማርጀቱን አርጅቻለሁ፣ በዚያ ቀን ግን ከሻይ በቀር የቀመስኩት ነገር አልነበረም። ደግሞም በጥላ፣ በመንፈስ፣ በምናምን የማምን ሰው አይደለሁም። እንጅባራ ተወልጄ ያረጀሁ ነኝ፣ ዘንገና ሐይቅ ዳር ጉም ውስጥ አንድ ነገር ቆሞ አየሁ የሚል ሰው ሲመጣ፣ «ያየኸው በሬ ነው፣ ሂድና ለባለቤቱ ንገረው» እያልኩ ስንቱን ያሳፈርኩ ሰው ነኝ። አሁን ተራው የእኔ ሆነ፣ ሳቅብኝ።

ሥራዬ ምድጃ መሥራት ነበር። ከጓደኛዬ ከይስማው ጋር አሮጌ በርሜል እየቆረጥን፣ ከላሜራ ቱቦ እየጠቀለልን፣ ጭስ ማውጫ ያለው የእንጨት ምድጃ እየተከልን ኖርን። የእንጅባራ ብርድ ጥሩ ደንበኛ አምጪ ነው፣ ከጫግኒ ሙቀት ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ በሳምንቱ ጋቢ በጋቢ ደርቦ፣ አፍንጫው ቀልቶ በራችን ላይ ይቆማል፣ እኛም መጀመሪያ እንስቅበታለን፣ ቀጥሎ እንሠራለታለን። ይስማው ረጅምና ቀጭን ነበር፣ ጣራ ላይ እንደ ድመት ይሄዳል፣ እኔ ደግሞ አጭርና ሆዳም፣ መሰላሉ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ጉልበቴ የሚከዳኝ፣ ስለዚህ ጭስ ማውጫ ስንጠርግ እሱ ከላይ እኔ ከታች ነን። ከተሰነጠቀ ቀርከሃ የሠራነውን መጥረጊያ ገመድ መሐል እናስረዋለን፣ እሱ ከላይ ይለቀዋል፣ እኔ በምድጃው አፍ እጄን እስከ ብብቴ አስገብቼ የገመዱን ጫፍ እይዛለሁ፣ እየተቀባበልን እንደ መጋዝ እንስበዋለን። በቆርቆሮና በግድግዳ መሐል ስለማንሰማማ ይስማው ቱቦውን በመዶሻ ይመታል። አንድ ከመታ ጎትት፣ ሁለት ከመታ ልቀቅ፣ ሦስት ከመታ ደግሞ የሚወርድ ነገር አለና ከቤት ውጣ ማለት ነው። ሌባ ጣቱ በልጅነቱ ተሰብሮ ደንዝዞ ስለነበር ሦስተኛዋ ምት ሁልጊዜ ትዘገያለች፣ ኳ፣ ኳ፣ ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ ኳ። ይህችን ያዝልኝ።

ጠቡ የተነሣው አምና ሚያዝያ ላይ፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው። አንድ ጎረቤት፣ ጭስ ማውጫ መቼ ነው የሚጠረገው ብሎ ይስማውን ጠየቀው። እሱም ቀና ብሎ እንደ መምህር አስረዳ፣ አንዴ ግንቦት ላይ ክረምቱ ሳይገባ፣ አንዴ መስከረም ላይ ክረምቱ ሲወጣ፣ እርጥብ የዲከረንስ እንጨት የምታነዱ ከሆነ ግን በየወሩ፣ የምድጃውን በር ስትከፍቱ ጭሱ ፊታችሁ ላይ ከመጣ ወይም ጥቀርሻው የጣት ያህል ከወፈረ ቀን አትቁጠሩ፣ በዚያው ቀን ጥረጉ አለ። ልክ ነው፣ አንድም ቃል አልተሳሳተም። እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ዞር ብሎ አየኝና፣

«ካላመናችሁኝ ታከለን ጠይቁት፣ የከተማውን ሁሉ ሲጠርግ የራሱን ከጠረገ ሁለት ክረምት አለፈው፣ ሚስቱ አለምነሽ ስታስነጥስ ከሰል ነው የሚወጣት» አለ።

ድንኳኑ ሳቀ፣ ሐዘንተኛው ሳይቀር ሳቀ። እውነት ስለሆነ ነው የተቃጠልኩት፣ ውሸት ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ተነሣሁና፣ «ይስማው፣ ከዛሬ ጀምሮ ጣራዬን እንዳትረግጥ ገዝቼሃለሁ» አልኩት።

ሳቁ ቆመ። እኛ ዘንድ ግዝት እንደ ስድብ ተጥሎ የሚረሳ ነገር አይደለም፣ የተገዘተ ሰው አይተላለፈውም፣ የገዘተው ራሱ ካልፈታው እንደታሰረ ይኖራል።

«ታከለ፣ ቃልህን መልስ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አልመልስም።»

«ስለ ጭስ ማውጫ ብለህ?»

«ስለ አፍህ ብዬ።»

በአገውኛ አንድ ነገር ብሎኝ ወጣ፣ ምን እንዳለኝ አልነግርህም፣ እናቴ ብትሰማ ከመቃብሯ ትነሣ ነበር። ሰኔ ላይ ታመመ፣ ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ሞተ። ቀበርኩት፣ አለቀስኩ፣ አፈር አለበስኩት፣ ግዝቱን ግን አልፈታሁም። ነገ ከነገ ወዲያ እያልኩ ነው እንዳልልህ ዋሾ እሆናለሁ፣ ተናድጄ ነው። ጣራው ላይ ሌላ ሰው ማውጣት ደግሞ አፈርኩ፣ ይስማውን ከልክሎ እገሌን አወጣ እንዳልባል፣ ጭስ ማውጫው እንደቆሸሸ ክረምቱ ገባ፣ እኔም ከከሰል አክሳዮች የተረፈውን እርጥብ ዲከረንስ እየማገድኩ ተቀመጥኩ። አርባ ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው፣ እንግዲህ ከዚህ የባሰ ጅል ካየህ አድራሻውን ላክልኝ።

ነሐሴ ውስጥ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ዝናቡ አባርቶ ጉሙ መስኮታችን ላይ ተለጥፏል። አለምነሽ ባለቤቴ ዳሌዋን ተሰብራ አልጋዋን ምድጃው አጠገብ አስጠግተንላት ነበር፣ ያለ እኔ አንድ እርምጃ አትራመድም። በመጀመሪያ ቱቦው ውስጥ መፋቅ የመሰለ ነገር ሰማሁ፣ በጥፍር እንደሚፋቅ ድስት፣ አይጥ ነው አልኩ። ቀጥሎ ከመጋጠሚያው ጥቁር ዝፍት ጠብ አለ። ከዚያ ፍም ላይ እፍ እንደሚል ሰው ያለ ትንፋሽ ሰማሁ፣ ነፋስ ነው አልኩ፣ እመነኝ፣ ውጭ ግን ቅጠል አይነቃነቅም ነበር።

ኳ። ኳ።

አለምነሽ አየችኝ፣ አየኋት።

ኳ።

«ይስማው ነው» አለች፣ እንግዳ መጣ እንደማለት አድርጋ።

«ይስማውን ሰኔ ላይ ቀብሬዋለሁ።»

«አልቀበርከውም አልኩህ? ሦስት መታ ነው የምልህ።»

ደሜ ፈላ። ወደ ሐሳቤ የመጣው የይስማው ልጅ መላኩ ነው፣ ባጃጅ የሚነዳ ጎልማሳ፣ የአባቱ አፍ ያለበት፣ ሊያሾፍብኝ ጣራዬ ላይ ወጥቷል ብዬ ዱላዬን ይዤ ወጣሁ። «መላኩ፣ ውረድ፣ ሽማግሌ ላይ አትቀልድ» እያልኩ ቤቱን ዞርኩት። ወዳጄ፣ ጣራው ላይ ማንም የለም። መሰላሉ ግድግዳው ሥር እንደታሰረ ነው። ጣራዬ ደግሞ አርጅቶ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ሽበት አብቅሏል፣ የጉሙ ጤዛ ከዳር እስከ ዳር ዱቄት እንደተነፋበት ነጭ አድርጎታል፣ የድመት እግር እንኳ አልነካውም። እያየሁት፣ ዐይኔን ቱቦው ላይ ተክዬ፣ ቱቦው ሳይነቃነቅ ከውስጡ መታ። ሁለቴ፣ ከዚያ ዘግየት ብሎ ሦስተኛዋ።

ተመልሼ ገባሁ፣ ቆርቆሮ ሲሞቅ ይጮኻል ብዬ ላስረዳት ነበር፣ እሷ ግን ብርድ ልብሱን ገልጣ እጇን ዘርግታ ጠበቀችኝ።

«አንሣኝ።»

«በዚህ ጭቃ ወዴት?»

«ሦስት ከተመታ ይወጣል። አንተ ነህ ያስተማርከኝ።»

«የሞተ ሰው አያዘኝም።»

«ታከለ፣ እኔ አልሞትኩም፣ እኔ ልዘዝህ፣ አንሣኝ።»

ተሸከምኳት። ይስማውን እየረገምኩ፣ ወገቤን እየረገምኩ፣ በሠርጋችን ዕለት እንዲህ አትከብጂም ነበር እያልኩ፣ እሷም አንተም ያኔ ጥርስ ነበረህ እያለችኝ፣ አጥሩ ጋ እንደደረስን ከኋላችን ዳገት እንደሚወጣ የጭነት መኪና ያለ ድምፅ ተነሣ። ዞር ስል ጭስ ማውጫው አናቱ ላይ እሳት ይተፋል፣ ጥቀርሻው ተያይዟል። ከቤት ውስጥ አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማን። ጎረቤቶች ጭቃ በአካፋ እየዛቁ አጠፉት፣ ስንገባ ቱቦው ከመጋጠሚያው ተገንጥሎ የአለምነሽ አልጋ ላይ ተጋድሟል፣ ትራሱ የነበረበት ቦታ አመድ ነው።

መላኩ ማታ መጣ። «ዘጠኝ ሰዓት የት ነበርክ?» አልኩት።

«ግምጃ ቤት ከተማ ነበርኩ፣ ጋሼ፣ ጎማ ተበስቶብኝ ቆሜ ዋልኩ። ለምን ጠየቁኝ?»

«ለምንም» አልኩት።

አሁን አንተም ትለኛለህ፣ ላሜራ ሲግል ይንኳኳል፣ ጥቀርሻም ሲረግፍ ድምፅ አለው። እኔን ልታስተምር ነው? አርባ ዓመት ሰምቼዋለሁ። ላሜራ ሦስት ላይ አያቆምም፣ ላሜራ ጣቱ አልተሰበረም። ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን ይህ ነው፣ ጣራዬን እንዳትረግጥ ነበር ያልኩት፣ አልረገጠም። ከሞተ በኋላ እንኳ ግዝቴን ጠብቆ፣ ሌላ መንገድ ፈልጎ፣ ልክ የነበርኩት እኔ ነኝ ብሎኝ ሄደ። ለዚህ ምን መልስ ይሰጣል?

የንስሐ አባታችን፣ «መቃብሩ ድረስ ሂድና ፈትቼሃለሁ በለው» አሉኝ።

«ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ነው የቀለደብኝ፣ አባ።»

«ሞቷል እኮ፣ ልጄ።»

«ንዴቴ አልሞተም» አልኳቸው፣ መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ።

ዘንድሮ አዲስ ቱቦ ተከልኩ፣ ዓመት የደረቀ እንጨት ከመርኩ፣ ግንቦት ሳያልቅ መላኩ ከላይ እኔ ከታች ሆነን ጠረግነው፣ እንደ ታጠበ ሳሕን ነው። ባለፈው ሳምንት የይስማው ሙት ዓመት ነበር፣ ሄድኩ፣ በላሁ፣ ከመቃብሩ አጠገብ ቆምኩ፣ አፌ እምቢ አለኝና ተመለስኩ።

በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ምድጃው ከቀዘቀዘ ሁለት ቀን ሆኖት፣ ቱቦው ተመታ። አንድ ጊዜ። ሁለተኛዋን ጠበቅኩ፣ አልመጣችም። ትናንትም አንድ። ገመዱ ዕቃ ቤት ምስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው፣ ሄጄ አይቻለሁ።

«ፍታው፣ ታከለ» አለች አለምነሽ።

«መጀመሪያ እሱ ይቅርታ ይጠይቀኝ።»

«ምናልባት እየጠየቀህ ይሆናላ።»

አንድ ማለት ጎትት ማለት ነው። ምኑን ነው የምጎትተው፣ ወዳጄ፣ ከዚያ በኩል ጫፉን የያዘውስ ምን ሆኖ ነው የሚወርደው? አሁን ይህን ስጽፍ ለዘጠኝ ሰዓት ትንሽ ነው የቀረው፣ ምድጃው ፊት ለፊቴ ነው፣ እሳት የለበትም፣ አፉን አለምነሽ አልጋዋ ላይ ሆና እጇን ዘርግታ ከፍታዋለች። እጄን ግን አላስገባም።