የነጩ ካሳቫ ሃያ አምስት ደቂቃ

ልደታን! ይህ ታሪክ ከላይ እስከ ታች እውነት ነው፤ አንዲት ቃል ከጨመርኩበት ምላሴ ይቆረጥ። ያን ቅዳሜ ከልደታ ኮንዶሚኒየም የጋራ ኩሽና የወጣው እንፋሎት ሰንጋ ተራን ጉም አልብሶ፣ ታክሲዎች በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርተው ነው የሄዱት።

ቀቃዮቹ ሁለት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ፤ ሲፈንና ሰሚራ። የትኛው ቶሎ እንደሚበስል ለክፍል ሥራ ሊፈትኑ፣ ሦስት ዓይነት ካሳቫ ልጠው፣ እኩል እኩል ቆርጠው ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ጣዱ። ሲፈን በየአምስት ደቂቃው በሹካ ትወጋለች፤ ሰሚራ ሰዓት ትይዛለች። ነጩ ካሳቫ ልክ ሃያ አምስት ደቂቃ ሲሞላው ሹካው እንደ ቅቤ ሰንጥቆት ገባ። አፍ ውስጥ ፍርክስክስ! አምስት ጎረቤቶች ቀመሱ፤ አምስቱም ከአምስት አምስት ሰጡ።

ሰኞ ጠዋት ሲፈን ይህንኑ ለክፍሉ ስትተርክ፣ ሰሚራ በሰሌዳውና በጓደኛዋ መሃል ተጣብቃ ቆማለች። ወደ በሩ ለመድረስ አርባ ተማሪ መዝለል ነበረባት።

ሰሚራ ጆሮ ውስጥ ግን ከቀማሾቹ የአንዷ፣ የእትዬ ሠርካዲስ ጥርስ ይሰማታል፤ ቅርርርጭ! እትዬ ያንን ድንጋይ እንደምንም ውጠው «እሰይ፣ እጃችሁ ይባረክ!» ብለው ነበር። ሌሎቹም እንደዚያው። የሰው ልጅ ለፍቶ ያቀረበውን ጥሬ ነው የሚል ጎረቤት የት ይገኛል? ሲፈንም የምርቃቱን ብዛት ነጥብ አድርጋ መዘገበችው።

«አራዶች!» አለ ቲቸር ደገፋ፣ ወረቀቱን እያገላበጠ። «ለከተማው የሳይንስ ውድድር እናንተ ናችሁ። የትምህርት ቤታችን ምገባም ከነገ ጀምሮ ነጩን ይገዛል። ለወጥ ቤቶቹ ሃያ አምስት ደቂቃ ብዬ እጽፍላቸዋለሁ።»

ክፍሉ በጭብጨባ ጣሪያው ሊነሳ ደረሰ። ሰሚራ ግን አላጨበጨበችም። ያልበሰለ ካሳቫ እንደሚያሳምም በመጀመሪያው ቀን ያስተማራቸው ራሱ ቲቸር ነው። ሁለተኛ ክፍል የሚማረው ወንድሟ አብዱልሃኪም ደግሞ በምገባው ሰልፍ ሁልጊዜ ፊተኛ ነው፤ ሳህኑንም ይልሳል።

«ሰሚራ፣ ሰዓት ያዥዋ አንቺ ነሽ አይደል?» ቲቸር እስክሪብቶውን አወጣ። «ልፈርም?»

ሲፈን በክርኗ ጎሰመቻት። «ጀለሴ፣ በናትሽ! ራስሽን ብቻ ነቅነቅ አድርጊ።»

ከበስተኋላዋ ሰሌዳው፣ ከጎኗ ሲፈን፣ ከፊቷ ሰማንያ ዓይን። ጠመኔው ትከሻዋ ላይ ሲታተም ተሰማት። ሲፈንን አላየቻትም፤ ብታያት እንደምትነቀንቅ ታውቃለች። የቲቸርን እስክሪብቶ ጫፍ ብቻ አየች።

«አይ፣ ቲቸር» አለች፣ ከፊት ወንበር ያሉት እንኳ ጎንበስ ብለው እስኪያዳምጡ ድረስ በቀስታ። «ሃያ ደቂቃ ላይ መብራት ጠፋ። ሹካው አልገባም።»