በ«ን» ነው

ሮይስ ፔልኪ ማሞቂያው ክፍል ውስጥ ሞቶ ሲገኝ በእጁ የታጠፈ ወረቀት ይዞ ነበር። «ማሞቂያው ከመለኮሱ በፊት የጭስ ቧምቧው ይዘጋ» ይላል። ሥራ ከጀመረ ሳምንቱ ነው፤ የተጻፈውን አመነ፣ ጭሱ ገደለው።

ወረቀቱ የታተመበትን የኮምፒውተር ገጽ የጻፈው በካናዳ የላብራዶሩ የወርቅ ፍለጋ ካምፕ አለቃ ጋርኔት ነው። የሃያ ዓመት እውቀቱ አብሮት እንዳይቀበር ብሎ «ዊኪ» ከፈተ፤ ማንም የሚያነበው፣ ማንም የሚያርመው የጋራ መዝገብ። አሁን ያው መዝገብ ነፍሰ ገዳይ ሊያሰኘው ነው። መሸሻም የለው። መርማሪዋን ሳጅን ቴሲየርን ካመጣችው አውሮፕላን በኋላ በረዶው ማረፊያውን ዘግቶታል። ሦስት ቀን ሙሉ ጋርኔት ማንነቱን ከማያውቀው ገዳይ ጋር አንድ ገበታ ቀርቧል።

«እኔ ‹ይከፈት› ነው ያልኩት፤ ይኸው!» አለ ስክሪኑን እያሳየ።

«አሁንማ እንደዚያ ይላል» አለች ሳጅኗ። «ግን ሁለት ጊዜ ተነክቷል፤ ሰውየው ከመሞቱ በፊትና ከሞተ በኋላ። በማን ስም ነው?»

«በጋራው ስም። የይለፍ ቃሉን ሁላችንም እናውቀዋለን።»

«በርህን በርግደህ ሌባ ፍለጋ!» አለች ወጥ ቤቷ ሎርና።

ሳጅኗ ግን ዓይኗን ግድግዳው ላይ ካለው የምግብ ዝርዝር አልነቀለችም። «ሹርባ» የሚለው በቀይ ተሰርዞ «ሾርባ» ተብሏል።

«ይህን ማን ነካው?»

«ዴልፊን ናታ! በዚያ ቀይ እስክሪብቶዋ መች ታስበላናለች» አለች ሎርና።

ከምሳ በኋላ ሳጅኗ ካምፑ ውስጥ የቀሩትን ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው። የድንጋይ ተመራማሪዋ ዴልፊን እጆቿን አጣጥፋ ተቀመጠች። ሳጅኗ ሰሌዳው ላይ «የጭስ ቧምቧው ይከፈት» ብላ ጻፈች።

«በ‹ን› ነው» አለች ዴልፊን፣ ሳታስበው።

«አዎ፣ ‹ቧንቧ› በ‹ን› ነው። አቶ ጋርኔት ግን ሁልጊዜ በ‹ም› ነው የሚጽፉት፤ የሮይስ ወረቀትም በ‹ም› ነው። ሎርናም ቃሏን ስትሰጠኝ በ‹ም› ጻፈች። ሮይስ ከሞተ በኋላ ‹ይዘጋ›ን ወደ ‹ይከፈት› የመለሰው ሰው ግን መጀመሪያ እንደምንም ያለፈውን ፊደል አሁን አላስችል ብሎት አረመው። ብዙ ወርቅ የተገኘ ለማስመሰል የድንጋይ ናሙናው ላይ ወርቅ እንደምትጨምሪ ሮይስ ደርሶብሽ ነበር፤ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጽፎታል።»

«ስህተት አይቼ ማለፍ አልችልም» አለች ዴልፊን ቀስ ብላ።

«የራስሽንስ?» አለቻት ሎርና።

ጋርኔት እፎይ ማለት አልሆነለትም። ዊኪውን ሊያጠፋው ከፈተውና እስካሁን ለማየት ያልደፈረውን የገጹን ግርጌ አነበበ። ሮይስ በሞቱ ዋዜማ፣ በገዛ ስሙ የጻፈው ነበር፦ «አለቃ፣ አመሰግናለሁ። ማሞቂያ ለኩሼ አላውቅም፤ ይህ ገጽ ባይኖር ምን እሆን ነበር?»

ጋርኔት ገጹን አላጠፋውም። የጋራውን ስም ብቻ ዘጋና አለቀሰ።