ከሚካል በስተግራ

«ለምን አልጮኽሽልኝም?»

ሚካል ሲሚንቶው ላይ እንደወደቀች ነው የጠየቀችው። ክርኗ ተልጧል። ኳሷ ቅርጫቱ ውስጥ ገብታ ወጥታ፣ እየነጠረች ወደ አጥሩ ትሄዳለች።

ምስጢር አፏን ከፈተች። እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃት ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ጮኼ ነበር እኮ። አልሰማሽኝም።»

ወይ ምስጢር! ቃሉ ከአፏ ሲያመልጥ እሷ ራሷ ደነገጠች። አሰልጣኝ ላቀው ፊሽካቸውን ይዘው እዚያው አጠገባቸው ቆመዋል፤ ሰምተዋል። ሚካል እጇን አነሳችና የግራ ጆሮዋን ዳበስ አደረገች።

«ሚካል፣ ጆሮሽን ክፈቺ እንጂ!» አሉ አሰልጣኙ። «በይ ተነሺ፣ እንቀጥል።»

የሚካል ግራ ጆሮ በልጅነቷ ታሞ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በደንብ አይሰማም። ከቤተሰቧ ውጭ ይህን የምታውቀው ምስጢር ብቻ ናት። ሁለቱም የላፍቶ ልጆች ናቸው፤ ከሁለተኛ ክፍል እስከ አስረኛ አብረው ተምረዋል። እና ምስጢር ሁልጊዜ የምትሆነው ከሚካል በስተግራ ነው፤ በዚያ በኩል የሚመጣውን ሰምታ እንድትነግራት። ታክሲ ውስጥ በግራ፣ ዴስክ ላይ በግራ፣ ሜዳ ላይም በግራ።

ሜዳ ላይ ደግሞ ይህ ቦታ ሥራ አለው። በቅርጫት ኳስ ስክሪን የሚባል ነገር አለ፤ ኳስ የያዘችውን ስትከላከይ ከተቃራኒ ቡድን አንዷ መጥታ እንደ ግድግዳ ትገተርብሻለች። ዓይንሽ ኳሷ ላይ ስለሆነ ግድግዳዋን አታያትም። ከኋላ ያለችው ጓደኛሽ ናት አይታ መጮህ ያለባት። ምስጢር «ግራ!» ስትል ሚካል ሳትዞር ሸርተት ብላ ታልፋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የተጫወቱት።

በዚህ ቅዳሜ ግን ምስጢር ዝም አለች። ሲና የምትባለው ረጅሟ የኮሌጅ ተጫዋች ስትመጣ አይታለች፤ ጥርት አድርጋ አይታለች። ያሰበችው ሌላ ነበር። ኳሷ አሁን ወደ ሲና ትወረወራለች፣ እኔ መሀል ገብቼ እቀማለሁ፣ ብቻዬን ሮጬ አስገባለሁ፣ ኮች ያዩኛል። ከጮኸች ይነቃባታል። ኳሷም አልተወረወረች፣ ምስጢርም አልቀማች፤ ሚካል ብቻ ከግድግዳው ጋ ተላተመች።

ነገሩ እንዲህ ያስጎመጃት በምክንያት ነው። ከለቡ መብራት ኃይል ጀርባ ያለው ይህ ኮሌጅ የሴቶች ቡድን አለው፤ ዘንድሮ በሊጋቸው እንደነሱ ትንሽ ነጥብ የገባበት ቡድን የለም። በየቅዳሜው የነምስጢርን ትምህርት ቤት ልጆች ጠርተው በልምምድ ጨዋታ ይጋጠማሉ። እና የትምህርት ቤቱ አሰልጣኝ ላቀው ክረምቱን ከኮሌጁ ቡድን ጋር የምትለማመድ አንዲት ልጅ ሊመርጡ ነው። አንዲት ብቻ። ምስጢር ይህን ቦታ እንቅልፍ እስኪነሳት ድረስ ትፈልገዋለች። ሚካልም ትፈልገዋለች።

ልምምዱ ሲያልቅ አሰልጣኙ ልጆቹን ሰበሰቧቸው።

«የቤት ሥራ ልስጣችሁ» አሉ። «የኮሌጁ ቡድን ዲፌንስ፣ መከላከሉ፣ ለምንድን ነው እንዲህ ጥሩ የሆነው? ለሚቀጥለው ቅዳሜ አስባችሁበት ኑ። ጉግል አታድርጉት፤ እዚያ የለም።»

*

ረቡዕ በእረፍት ሰዓት ሚካል ምስጢርን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ወሰደቻት።

«ከኋላዬ ቁሚና ቁጥር ጥሪልኝ። ቀስ ብለሽ።»

«ለምን?»

«ጥሪ አልኩሽ እኮ!»

ምስጢር ጠራች። «ሰባት።» ሚካል «ሰባት» አለች። «አርባ ሁለት።» «አርባ ሁለት።» ምስጢር አምስት እርምጃ ወደኋላ ሄደች፤ ከዚያ አስር። ሚካል ቀኝ ጆሮዋን በመዳፏ ከድና እንኳ አብዛኛውን አገኘችው።

«እዚህ ይሰማኛል» አለች ሚካል ዞራ። ዓይኗ ቀልቷል። «ታዲያ ቅዳሜ ለምን አልሰማሁም? አንቺ እኮ ስትጮኺ ለቡ ድረስ ነው የሚሰማው።»

አሁን ነው፣ አለች ምስጢር በልቧ። አሁን ንገሪያት።

«ጫጫታ ነበር ... ሊሆን ይችላል» አለች።

«አይደለም። እየባሰብኝ ነው። ለእማዬ ስነግራት አለቀሰች፤ ሰኞ ሐኪም ቤት ልንሄድ ነው።» ሚካል በጫማዋ ጫፍ ጠጠር ገፋች። «ኳሱን ትቼዋለሁ። ቅዳሜ መጥቼ ማልያውን ለኮች እመልሳለሁ። ካልሰማሁ እናንተን ነው የምጎዳው፤ ሼም ነው።»

«ሚኪ ...»

«ተይው። አንቺ ትመረጫለሽ። ከምር ደስ ይለኛል፤ ይመችሽ።»

ይህን የተናገረችው ከልቧ ነው፤ የባሰውም ይሄ ነው። ሙድ ብትይዝባት፣ ብትቀና፣ ብትሰድባት ለምስጢር በቀለላት ነበር። የዚያን ቀን ከሰዓት የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ ምስጢር ከመምህሩ ንግግር አንድም ነገር አልገባትም። ከአጠገቧ ሚካል ጆሮዋን ነካ፣ ተወት፣ እንደገና ነካ ታደርጋለች። ምስጢር ልትጮህባት ምንም አልቀራት። ጆሮሽ ደህና ነው! የኔ አፍ ነው የታመመው!

*

ቅዳሜ ምስጢር ቀድማ ደረሰች። የኮሌጁ ልጆች እርስ በርሳቸው እየተጋጠሙ ነው። ሚካልም መጥታለች፤ ማልያዋን በፌስታል ጠቅልላ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች።

ኳስ ገባ። የተከላካዮቹ ቡድን ካፒቴን ሌንሳ ወዲያው እጇን ቀጥ አድርጋ አወጣች። «የኔ ናት!» ሲናም አወጣች። «የኔም!» ሌላዋም ከወዲያ ጥግ እጇን አነሳች። ይህ የነሱ ልማድ ነው፤ ኳስ ሲገባባቸው አጠፋሁ ያለች ሁሉ ማንም ሳይጠይቃት እጇን ታወጣለች። ምስጢርና ሚካል መጀመሪያ ያዩት ቀን ሆዳቸውን ይዘው ነበር የሳቁት። ለአንድ ኳስ ሦስት እጅ! ክፍል ውስጥ እንኳ እንዲህ አይወጣም።

ሌንሳ ውሃ ልትጠጣ ስትመጣ ምስጢር ተጠጋቻት።

«ሌንስ፣ አንቺ እኮ ሩቅ ነበርሽ። ምን አጠፋሁ ብለሽ ነው?»

«አጥቂዋ ስትመጣ አይቼ ለሲና አልተናገርኩም።»

«ማን አወቀብሽ ታዲያ?»

«እኔ አላውቅም?» ሌንሳ አፏን በማልያዋ ጠረገች። «ደግሞ ዝም ብል ጥፋቱ የሷ ብቻ ይመስላታል ሲና። በሚቀጥለው ትፈራለች። ፈርታ አንድ እርምጃ ወደኋላ ስትል እሷን ለመሸፈን እኔ ቦታዬን እለቃለሁ፣ ሌላዋም የኔን ልትሸፍን ትሮጣለች። ከዚያ ቤቱ ፈረሰ በያው።» ሳቅ ብላ ወደ ሜዳው ተመለሰች።

ምስጢር ደረጃው ላይ ያለውን ፌስታል አየች።

ፊሽካ ተነፋ። የትምህርት ቤቱ ልጆች ግማሽ ክብ ሠርተው ቆሙ፤ ሚካልም ፌስታሏን ይዛ ከዳር ቆመች።

«እሺ፣ የቤት ሥራ» አሉ አሰልጣኝ ላቀው። «ዲፌንሳቸው ለምን ጥሩ ሆነ?»

«ቁመት!» አለች ውዳሴ፣ የቡድኑ ቀልደኛ።

«ሲናን አውጪያትና ከቀሩት ሁሉ እኔ አልረዝምም?» አሉ፤ እሳቸው ደግሞ የሚታሙት በአጭርነት ነው። ልጆቹ ሳቁ። «ሌላስ?»

«ሩጫ ነው፣ ኮች። ነፍ ይሮጣሉ።»

«ከእነሱ በላይ የሚሮጡትን ቡድኖች አሸንፈዋቸዋል። ሌላ?»

ምስጢር እጇን አወጣች። ክፍል ውስጥ እንደሚወጣው አይደለም። ክንዷን ቀጥ አድርጋ፣ መዳፏን ከፍታ፣ እንደ ሌንሳ።

«የኔ ናት» አለች።

«ምኗ?»

«ያለፈው ቅዳሜ ኳስ። ሚካል የወደቀችበት። ሲና ስትመጣ አይቻታለሁ። ኳሱን ቀምቼ እርስዎ እንዲያዩኝ ፈልጌ ዝም አልኩ። አልጮህኩም። ጮኼያለሁ ያልኩት ውሸት ነው።»

ከውጭ የታክሲ ረዳት «ላፍቶ፣ ላፍቶ!» ሲል ይሰማል።

«በጆሮዬ?» አለች ሚካል።

ድምጿ ቀስ ያለ ነበር። ምስጢር እጇን አላወረደችም።

«በጆሮዬ ነው የዋሸሽው? ረቡዕ ቁጥር ስትጠሪልኝ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እናቴ አልቅሳለች እኮ፣ ምስጢር።»

«አውቃለሁ። ዛሬ እቤት መጥቼ ለእትዬ ፅጌረዳም እነግራቸዋለሁ።»

ሚካል ፌስታሉን ፈታች፣ ማልያውን አወጣች፣ በቲሸርቷ ላይ ደርባ ለበሰችው። ባዶውን ፌስታል ማንም ላይ አልወረወረችም፤ አጣጥፋ ደረጃው ላይ አስቀመጠችው።

አሰልጣኝ ላቀው ስለ ክረምቱ ቦታ ምንም አላሉም። «እጅሽን አውርጂ» አሏት ምስጢርን በለሰለሰ ድምፅ፤ ከዚያ ወደ ሚካል ዞሩ። «በግራሽ ማን ይቁም?»

ሚካል ቡድኑን ከዳር እስከ ዳር አየች። ምስጢር ጋ ስትደርስ ዓይኗን አላቆመችም።

«ውዳሴ ትቁም።»

ምስጢር ሄዳ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ ከተጣጠፈው ፌስታል አጠገብ። እንባዋ መጣ፤ በእጅጌዋ ጠረገችው። ይገባኛል አለች። ምንም የተበደለች አልመሰላት።

ጨዋታው ተጀመረ። ሌንሳ ኳሷን እያነጠረች ወጣች፤ ሚካል ዝቅ ብላ ተከተለቻት። ሲና ከወዲያ ጥግ ተነሳችና በግራ በኩል መምጣት ጀመረች። ውዳሴ ኳሷን ነው የምታየው። ሲና ሦስት እርምጃ ቀራት፤ ሁለት።

ምስጢር ብድግ አለች።

«ግራ!»

ከመንገዱ ማዶ ያሉ ሰዎች ዞረው አዩ። ሚካል ሸርተት አለች፤ ሲና የገተረችው ግድግዳ ባዶ ቀረ፣ ሌንሳም መንገዷ ተዘግቶባት ኳሷን ወደኋላ መለሰች።

ሚካል ዞራ አላየቻትም። ግን ሰምታለች።